ፑዲንጉ የቱ ነው? የአንድ ግብዣ ትእዛዝና የሁለት ያልደረሱ ኢሜይሎች ጉዳይ

## ለምን ጻፍኩት

ለንደን ውስጥ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ምሳ ላይ፣ 40 ኩባያ የቫኒላ ፑዲንግ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ግብዣውን ያዘዘችው ሴት ኩባያዎቹን አየች። ፈገግ አለች። ከዚያ «ፑዲንጉስ?» ብላ ጠየቀች። ምግቡን ያዘጋጁት እናት በእጃቸው እየጠቆሙ «ይኸው!» አሉ።

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

እኔ ያን ቀን የሄድኩት ዕቃ ለመሸከም ነው። ሙያዬ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ከማንሳትና ከማውረድ በቀር አልረባም። በማግስቱ ግን ነገሩ ወደ እኔ ሙያ ዞረ። የቃሉን ግርታ አንድ ጥያቄ ይፈታው ነበር። ጥያቄው ደግሞ ከግብዣው 17 ቀን በፊት በኢሜይል ተጠይቋል። አልደረሰም እንጂ።

ባለጉዳዮቹ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስም፣ የድርጅት መጠሪያና ሰፈር ትቻለሁ። የግብዣ ምግብ አዘጋጇን እኔ እንደምጠራቸው «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ ያዘዘችውን ሴት «ደንበኛዋ» እላታለሁ።

## ዳራ

እትዬ ለንደን ከገቡ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለማኅበርና ለልደት ሲያበስሉ ቆይተው ሥራውን አስመዘገቡ፤ ቅዳሜና እሑድ ልጃቸው ታግዛቸዋለች። ደንበኞቻቸው መጀመሪያ ሐበሾች ነበሩ። በኋላ ቬጋን የሆኑ እንግሊዞች በዙ። የጾም በያይነቱ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለውም፤ ለእነሱ የተሠራ ይመስላል።

እንግሊዝኛቸው የሁለት አገር ነው። አዲስ አበባ በትምህርት ቤት የተማሩት አለ፤ ቨርጂኒያ ካለች እህታቸው የወሰዱት አለ። የጣፋጩን ክፍል ያስተማረቻቸው ይህችው እህት ናት። በስልክ፣ በቪዲዮ፣ ማንኪያ ይዛ። እህትየው «ፑዲንግ» ስትል ወተት፣ ስኳርና የበቆሎ ስታርች አንድ ላይ ተበስሎ በኩባያ የሚቀዘቅዘውን ለስላሳ ነገር ማለቷ ነው። በአሜሪካ ቃሉ ይኸው ነው።

በእኛ ማዕድ ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ማቅረብ የቆየ ልማድ አይደለም። ቡና አለ፣ ፈንዲሻ አለ፣ ቆሎ አለ። ኬክ ለበዓልና ለልደት ነው፤ ወይም ኬክ ቤት ገብቶ ሚሌፎሊ በማኪያቶ። ስለዚህ ለዚህኛው ክፍል ሁሉም ሰው የተስማማበት የአማርኛ ቃል የለንም። አንዳንዱ «ማጣጣሚያ» ይላል፤ ብዙው ሰው «ዲዘርት» ብሎ ያልፋል። «ጣፋጭ» ደግሞ ራሱ ጉደኛ ቃል ነው፤ ስኳር ላለውም ለጣመውም ይሆናል። እትዬ ከዓመታት በፊት የመጀመሪያ ሜኑዋቸው ላይ «ጣፋጭ ዶሮ ወጥ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ገልብጠውት፣ አንድ እንግሊዛዊ «ወጡ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር ይገባል?» ብሎ ጠይቋቸዋል። ሲነግሩኝ አሁንም ይስቃሉ።

## አንድ ቃል፣ ብዙ ሳህን

ይህን ክፍል ትንሽ ላርዝመው፤ ደስ የሚለው እሱ ስለሆነ።

በብሪታንያ «ፑዲንግ» የአንድ ምግብ ስም ብቻ አይደለም። ከዋናው ምግብ በኋላ የሚመጣው ጣፋጭ ሁሉ ፑዲንግ ነው። ኬክም፣ የፖም ፓይም፣ አይስክሬምም። «ለፑዲንግ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግሊዛዊ ስለ ኩባያ አያስብም። ግን ጣፋጭ ያልሆነም ፑዲንግ አለ። «ብላክ ፑዲንግ» ከአሳማ ደምና ስብ የሚሠራ ቋሊማ ነው፤ ለቁርስ ይቀርባል። «ዮርክሻየር ፑዲንግ» ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት ተጋግሮ ከጥብስ ሥጋ ጋር የሚበላ ነው። ነገሩ ግራ የሚያጋባ የሚመስለው ከመጨረሻው ስንጀምር ነው። ጥንት ፑዲንግ ማለት አንጀት ውስጥ ተሞልቶ የሚቀቀል ምግብ ነበር። በኋላ አንጀቱ በጨርቅ ተተካ። ሥጋው እየቀነሰ፣ ዘቢብና ስኳር እየበዛ ሄደ። ስሙ ግን ቀረ።

«ዲዘርት» ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። መነሻው ማዕዱን ማንሳት፣ ጠረጴዛውን ማጽዳት የሚል ግሥ ነው። ሳህኑ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ማለት ነው። «ስዊት» የሚሉ አሉ። «አፍተርስ» የሚሉም አሉ፤ ይሄኛው በቀጥታ «በኋላዎች» እንደማለት ነው፣ ለእኔ ከሁሉም ይጥመኛል።

እነዚህ አራት ቃላት እኩል አይደሉም። በ1954 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ፕሮፌሰር የነበረው አለን ሮስ የእንግሊዝ የላይኛው መደብ በየትኞቹ ቃላት እንደሚለይ ጽፎ ነበር። «ፑዲንግ» የባላባቱ ቃል ሆኖ ተገኘ፣ «ስዊት» የሌላው። ዛሬም ቃሉን ሰምተው ሰውየው ከየት ቤት እንደወጣ የሚገምቱ እንግሊዞች አሉ። እኛ ሰው «ብላ» ሲል ጎንደሬ ነው ወሎዬ እንደምንለው መሆኑ ነው።

ወጥመዱ በፑዲንግ አያበቃም። በብሪታንያ «ጄሊ» የሚንቀጠቀጠው የጄላቲን ጣፋጭ ነው፤ በአሜሪካ ዳቦ ላይ የሚቀባ ነው። «ቢስኪት» ለንደን ውስጥ አዲስ አበባ የምናውቀው ብስኩት ነው፤ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ግን ትኩስ፣ ለስላሳ ዳቦ ሆኖ ከመረቅ ጋር ይመጣል። «አንትሬ» አሜሪካ ውስጥ ዋናው ምግብ ሲሆን በፈረንሳይና በአውስትራሊያ መክፈቻው ነው። እኛም ከጣሊያን «ማርማላታ»ን ወስደን ለማንኛውም ፍራፍሬ እንጠቀምበታለን፤ እንግሊዝ ግን ማርማሌድ ብሎ የሚጠራው የብርቱካንና የዘመዶቹን ብቻ ነው።

ለጉዳያችን ከሁሉም የሚበልጠው «ካስታርድ» ነው። እንግሊዞች ትኩስ ኬክ ወይም ፓይ ላይ የሚያፈስሱት ቢጫ፣ ወፈር ያለ የወተት ማባያ ነው። የአሜሪካ የቫኒላ ፑዲንግ ሲታይ ቁርጥ እሱን ነው። ስለዚህ ደንበኛዋ 40ውን ኩባያ ስታይ ያየችው 40 ኩባያ ማባያ ነው። እንጀራ ሳይቀርብ ወጥ ብቻ እንደማየት ቁጠሩት።

## የትእዛዙ ቅደም ተከተል

ቀኖቹ ሁሉ የ2024 ናቸው።

ሜይ 20 ደንበኛዋ ጻፈች። ለ40 ሰው ምሳ፤ መክፈቻ፣ ዋና ምግብና ፑዲንግ። ከ40ው 6ቱ ቬጋን። እትዬ የዚያኑ ቀን ዋጋ መለሱ። ይህ መልስ ደረሰ። ደንበኛዋ ተስማማች፣ ቀብድ ከፈለች። እስከዚህ ሁሉም ሰላም።

ጁን 3 እትዬ አዲስ ኢሜይል ላኩ። «ፑዲንጉ ቫኒላ ይሁን ወይስ ቸኮሌት? ለ6ቱ ፍራፍሬ አደርጋለሁ» የሚል ነው። የሁለቱን ኩባያዎች ፎቶ የያዘ አጭር ሊንክ አስገቡበት። ርዕሱን በትልልቅ ፊደላት «አስቸኳይ» አሉት። መልስ የለም። ሳምንት ጠበቁ። «እንግዲህ የፈለግሽውን አድርጊ ማለቷ ነው» ብለው ቫኒላ ወሰኑ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። በኢሜይል ግን ይነቅዛል።

ጁን 7 ደንበኛዋ በበኩሏ ጻፈች፤ በእትዬ ድረ ገጽ ላይ ባለው የመልእክት ቅጽ። ቬጋኖቹ 14 ሆነዋል፣ ፑዲንጉም እነሱ የሚበሉት ዓይነት ቢሆን ደስ ይለኛል የሚል ነው። ገጹ «እናመሰግናለን፣ መልእክትዎ ተልኳል» አላት። እሷም ነገሩ ያለቀ መሰላት። ይህ መልእክት የትም አልደረሰም። ስፓም፣ ማለትም ያልተፈለገ መልእክት የሚጣልበት ፎልደር ውስጥም አልገባም።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ጽፈዋል፣ ሁለቱም መልስ እንዳላገኙ አላስጨነቃቸውም። እትዬን በኋላ ለምን አልደወሉም ብዬ ጠየቅኳቸው። «ፈረንጅ ሲደወልለት አይወድም አላችሁኝ እኮ!» አሉ። ብለናል፤ እኔም ብያለሁ።

## የግብዣው ቀን

ሐሙስ ጁን 20፣ በእኛ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዓለ ሃምሳ ገና አልወጣም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ። ይህን የምጠቅሰው እትዬ ራሳቸው ስለነገሩኝ ነው። በጾም ወቅት ቢሆን ወተት ሲነኩ እጃቸው ያስታውሳቸው ነበር። ያን ሰሞን ግን ቤቱ ሁሉ ወተትና ቅቤ ነው።

ሳምቡሳው አለቀ። በያይነቱና ዶሮ ወጡ ተወደደ። ከዚያ ኩባያዎቹ መጡ፣ «ፑዲንጉስ?» ተባለ። ደንበኛዋ ጨዋ ናት፤ «ካስታርዱ ግሩም ነው፣ ከምን ጋር ነው የሚበላው?» አለች። እትዬ «በማንኪያ» አሉ። የተሳቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ለ6 ሰው የተዘጋጀ ፍራፍሬ አለ። እጃቸውን ያወጡት ቬጋኖች ግን 14 ናቸው። 8 ሰው ባዶ ሳህን ይዟል።

እኔ ማንጎና ሐብሐብ ልገዛ ሮጥኩ። ልጅቷ ስትከትፈው አየሁ፣ ማርም አውጥታ ልታፈስበት ነው። ከቬጋኖቹ አንዷ «ማር አንበላም» አለች። በጾም ማር ይበላል፤ ቬጋን ግን የንብ ነው ብሎ ይተወዋል። ጾምና ቬጋን አንድ ናቸው ብሎ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል። ዓሣም ላይ እንደዚሁ ነው፤ በጾም ዓሣ የሚበላ ሐበሻ ስንት ነው!

ቀኑን ያዳነው ግን ቡናው ነው። እትዬ ጀበናና ስኒ ይዘው መጥተው ነበር፤ ዕጣኑን ብቻ የሕንፃው የእሳት ማስጠንቀቂያ እንዳይጮህ ብለው ቤት ትተውታል። ፈንዲሻው በትልቅ ሰፌድ ወጣ። ወተት የለው፣ እንቁላል የለው፣ ማር የለው። 40ውም ዙሪያውን ቆመው እየዘገኑ በሉ። አንዱ ሰውዬ «ይሄ ነው ፑዲንጉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

እትዬ የ8ቱን ሰው የጣፋጭ ሂሳብ ሳይጠየቁ ቀነሱ። ደንበኛዋ ግን ቅር ብሏት ነበር። «ጽፌልዎት ነበር» አለች። እትዬም «እኔም ጽፌልሽ ነበር» አሉ። ሁለቱም ስልካቸውን አወጡ። የእኔ ሥራ የተጀመረው እዚያች ጋ ነው።

## ፍለጋው

የእትዬ የጁን 3 ኢሜይል በደንበኛዋ ስፓም ፎልደር ውስጥ ተገኘ። እድለኞች ነን፤ ብዙ የኢሜይል አገልግሎቶች ስፓምን ከ30 ቀን በኋላ ይሰርዛሉ። ደንበኛዋ የመልእክቱን ሙሉ ራስጌ፣ ማለትም ከየት መጥቶ እንዴት እንደተመረመረ የሚያሳየውን ድብቅ መረጃ፣ አውጥታ ላከችልኝ። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፤ ኤስፒኤፍ ወድቋል፣ ዲኪም የለም።

እንደ ግቢ ጥበቃ አስቡት። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ (በአድራሻው ከ@ ቀጥሎ ባለው ስም) ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው፤ በሩ ላይ እንዳለ የስም ዝርዝር። ዲኪም መልእክቱ ላይ የሚመታ ማኅተም ነው። ዲማርክ ደግሞ ባለቤቱ ለጥበቃው የሚሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ስሙ ከዝርዝሩ ከሌለ፣ ማኅተምም ከሌለው፣ አስገባው፣ ለይተህ አስቀምጠው ወይም መልሰው።

እትዬ በጃንዋሪ ኢሜይላቸውን ድረ ገጹ ካለበት ኩባንያ አውጥተው ወደ ሌላ አገልግሎት አዛውረው ነበር። ዝርዝሩን ያስተካከለ ሰው የለም። በሩ ላይ የተጻፈው የድሮው ቤት ብቻ ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ የሚልኩት ሁሉ በስማቸው የሚነግድ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። ወቅቱም መጥፎ ነበር። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ላኪዎች ላይ ደንቡን አጥብቀዋል። በብዛት የሚልክ፣ በጉግል ደንብ ወደ ጂሜይል በቀን 5,000ና ከዚያ በላይ የሚልክ፣ ሦስቱንም ማሟላት አለበት፤ ትንሹ ላኪም ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱ ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ የሜይ 20ው መልስ እንዴት ደረሰ? ደንበኛዋ ራሷ ለጀመረችው ወግ መልስ ስለነበር ነው። ማጣሪያ የምታውቀውን ሰው መልስ በለዘብታ ያያል። የጁን 3ቱ አዲስ ነው፣ የሚጮህ ርዕስ አለው፣ መድረሻው የማይታይ አጭር ሊንክ አለው።

እትዬ ግን ሌላ ሰው ጠርጥረዋል። ከኢሜይላቸው ግርጌ «እናመሰግናለን» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ አለ። «ፊደላችንን ጠልተው ነው» አሉ። ሞከርኩት። አማርኛውን አውጥቼ ላክሁ፤ ስፓም ገባ። አማርኛውን መልሼ ዝርዝሩን አስተካክዬ ላክሁ፤ ኢንቦክስ ገባ። ፊደላችን ነፃ ወጣ።

ስፓም ምን ማለት እንደሆነም ጠየቁኝ። መነሻው የታሸገ ምግብ ነው። በ1937 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበ የቆርቆሮ የአሳማ ሥጋ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ በብዛት ገባ። በ1970 የብሪታንያ ኮሜዲያኖች በቴሌቪዥን አንድ ምግብ ቤት አሳዩ፤ ሜኑው ላይ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉ ስፓም የገባበት ነው፣ አንዲት ተመጋቢ ያለ እሱ ብትጠይቅም አታገኝም። ያልተፈለገ መልእክት ሲበዛ ሰዎች ይህን ስም ሰጡት። እትዬ አዳምጠው ሲጨርሱ «ታዲያ እኔን ከአሳማ ጋር ነው የደባለቁኝ?» አሉ።

ለሐበሻ አንባቢ አንድ ልጨምር። በታሪክ ከሚታወቁት የመጀመሪያ ትልልቅ ስፓሞች አንዱ የዲቪ ማስታወቂያ ነው። በኤፕሪል 1994 ሁለት የአሪዞና ጠበቆች የግሪን ካርድ ሎተሪ ማስታወቂያ በሺዎች በሚቆጠሩ የዩዝኔት የውይይት ቡድኖች ላይ በተኑት። ለኛ ሰው የማይደርሰን መልእክት ያለ አይመስለኝም ነበር!

ሁለተኛው ጠፊ፣ የጁን 7ቱ፣ ከበድ ይላል። የድረ ገጹ ቅጽ መልእክቱን ሲልክ «ላኪ» በሚለው ቦታ የደንበኛዋን አድራሻ ያስገባል። ለመልስ ይመቻል ተብሎ ነው። ግን መልእክቱን የሚልከው የእትዬ ድረ ገጽ ሰርቨር ነው። የደንበኛዋ መሥሪያ ቤት ደግሞ በዲማርክ «በስማችን ከሌላ ቦታ የመጣ ካለ መልሱት» ብሎ አዟል። የእትዬ አዲሱ የኢሜይል አገልግሎት ትእዛዙን አክብሮ መለሰው። የመመለሻው ማስታወቂያ ማንም በማይከፍተው የሰርቨሩ ሣጥን ውስጥ ገባ። ከጃንዋሪ ወዲህ እንዲህ የተመለሱ 9 መልእክቶች ቆጠርኩ። አንዱ የሠርግ ጥያቄ ነበር። እትዬ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ።

## ያልሠራው፣ የሠራው

መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አዲሱን አገልግሎት የሚፈቅድ ሁለተኛ የኤስፒኤፍ መስመር ጨመርኩ። አንድ ዶሜይን ሊኖረው የሚገባው አንድ የኤስፒኤፍ መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት ሲሆን ማጣሪያው ስህተት ብሎ ሁለቱንም ይተዋል። አንድ ቀን ሙሉ ለውጡ እስኪሰራጭ እየጠበቅሁ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሙያ አለኝ የሚል ሰው እንዲህ ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ሳዋህድ ተስተካከለ።

ልጃቸው ለደንበኞች ሁሉ «እባክዎ ስፓም ፎልደርዎን ይመልከቱ» የሚል ኢሜይል ላከች። አብዛኛው ስፓም ገባ። ምን ይባላል!

«ነፃ» እና «ቅናሽ» የሚሉትን ቃላት ከኢሜይሉ ማውጣትም ሞከርን፤ የሚታይ ለውጥ አላመጣም።

የሠራው ይኸው ነው። አንድ የተስተካከለ ኤስፒኤፍ። ዲኪም በአዲሱ አገልግሎት ላይ ተከፈተ። ዲማርክ መጀመሪያ ሪፖርት ብቻ እንዲልክ ተደርጎ ተጻፈ፤ ሪፖርቱን ለአንድ ወር አይቼ አጠበቅሁት። ቅጹ በእትዬ ዶሜይን ስም እንዲልክ፣ የደንበኛው አድራሻ በ«መልስ ለ» ቦታ እንዲገባ ተደረገ። የተላከው ሁሉ ደግሞ በጎን በአንድ ሠንጠረዥ ይመዘገባል፤ ኢሜይሉ ቢጠፋ ሠንጠረዡ አለ። ሥራው በጠቅላላው ሁለት ምሽት ፈጀ።

ሜኑው ላይ እትዬ ራሳቸው የወሰዱት እርምጃ ከእኔ ይበልጣል። «ፑዲንግ» የሚለውን ቃል አልሰረዙም። በየጣፋጩ ሥር ፎቶ፣ በምን እንደሚቀርብ፣ ምን እንደገባበት አስጻፉ። ንጥረ ነገሩን ማወቅ በብሪታንያ ውዴታም አይደለም፤ ምግብ ሻጭ 14 የአለርጂ መንስኤዎችን ማሳወቅ በሕግ ግዴታው ነው። ወተት፣ እንቁላልና ሰሊጥ አሉበት። ሰናፍጭም አለበት፤ በያይነቱ ላይ ጣል የሚያደርግ ሰው ይህን ልብ ይበል።

## ለሌላ ሰው የሚሆነው

ቃል መሳሳት ቀላሉ ጥፋት ነው። እንደ እትዬ የሁለት አገር እንግሊዝኛ ያለው ሰው ሁሌም ይሳሳታል፤ የሁለት አገር አማርኛ ያለውም እንዲሁ። ሥራውን ያበላሸው ዝምታው ነው፤ ሁለቱም ወገን ዝምታን «እሺ» ብሎ አነበበው። እትዬ አሁን ደንብ አላቸው። ምግቡን የሚቀይር ጥያቄ ሁለት ቀን ካልተመለሰ ይደውላሉ። ፈረንጅ ወደደም አልወደደም። እስካሁን ስለተደወለልኝ ተከፋሁ ያላቸው የለም።

ሁለተኛው ነገር ስም ሳይሆን ሳህን መጠየቅ ነው። «ምን ዓይነት ፑዲንግ?» ብለው ቢጠይቁም ላይረዳ ይችል ነበር። «በኩባያ ነው በሳህን? ትኩስ ነው ቀዝቃዛ? ምን ይፈስስበታል?» የሚለው ይረዳል። አስተርጓሚ፣ ልብስ ሰፊ፣ የፀጉር ባለሙያ፣ ማንም ይህን ያውቀዋል። «ትንሽ አሳጥሪልኝ» ያለች ሴት ምን ያህል እንደሆነ በጣቷ ካላሳየች ያው ለቅሶ ነው።

ሦስተኛው የእኔን ሙያ ይመለከታል። ኢሜይል ሲዛወር የበሩ ዝርዝር አብሮ መዛወር አለበት። ያዛወረላቸው ሰው ኢንቦክሱ መሥራቱን አይቶ ሄደ። መቀበል መቻሉን ነው የፈተነው። መላኩን፣ በተለይ ለማያውቅ ሰው መላኩን፣ የድረ ገጹንም ቅጽ አልፈተነም። ሦስቱ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ሳምንት ሙሉ ምንም አዲስ ጥያቄ ካልገባ ደግሞ ገበያው ቀዘቀዘ ከማለት በፊት በራስ ቅጽ ላይ ለራስ መጻፍ ነው።

## ዲሴምበር

ደንበኛዋ ተመለሰች። ለዓመቱ መጨረሻ ምሳ፣ 40 ሰው። ኢሜይሏ በትክክል ደረሰ። ለማጣጣሚያ የምትመርጣቸውን የእንግሊዝ ጣፋጮች በቀልድ ዘርዝራለች፤ ከመካከላቸው «ስፖትድ ዲክ» የሚባል አለ።

እትዬ ማታ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ ምን እያለችኝ ነው?» አሉ። ልጃቸው ከኋላ ስትንከተከት ይሰማኛል። ሁለተኛው ቃል በዛሬ እንግሊዝኛ ነውር ነው፤ ምግቡ ግን ከነውሩ ጋር አይገናኝም፤ ዘቢብ የተረጨበት የቆየ ፑዲንግ ነው። በ2009 ዌልስ ውስጥ የፍሊንትሻየር ምክር ቤት ካፌ በደንበኞች ቀልድ ተማሮ «ስፖትድ ሪቻርድ» ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ ስም በቃላት ብቻ የሚሠራ ማጣሪያ ቢያገኘው ወዮለት ብዬ ነገርኳቸው።

እሳቸው ግን ስሙን ትተው ወደ ሌላ ሄደዋል። «ውስጡ ምን አለ?» አሉኝ። የከብት ሞራ አልኳቸው፤ የዱሮው አሠራር እንደዚያ ነው። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፣ ኅዳር 15 ገብቷል። «እንግዲያ ቀምሼ አላውቅም ልሸጥ ነው?» አሉና ስልኩን ዘግተው ለደንበኛዋ ደወሉ። ትኩስ ነው ቀዝቃዛ፣ ምን ይፈስስበታል፣ ያለ ሞራ ቢሠራ ቅር ይልሻል ወይ ብለው ጠየቁ።

በአትክልት ስብ ሠሩት፤ ካስታርዱን በአጃ ወተት። ከመላኩ በፊት አንድ ቁራጭ ቆርጠው፣ ካስታርዱን አፍስሰው፣ ቆመው ቀመሱ። «ይሄ እኮ ዳቦ ነው» አሉ። ከዚያ ሁለተኛ ቁራጭ ቆረጡ።